የእትዬ ዘርፌ ጣቶች ያረፉበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን የማባዣ ክፍል የፈተና ወረቀት እንድደረድር ተመደብኩ። ማሽኑ ቀለም ይተፋል። አውራ ጣቴን አጠቆረኝና የምጠርግበት ሳጣ አንድ የተበላሸ ወረቀት ላይ ጫን አደረግኩት። እንደተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ የሆነ ነገር ወጣ። እሱን እያየሁ የቀለሙና የጋዙ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ስምንት ዓመቴ ሆነ። ነሐሴ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አጠገቤም እትዬ ዘርፌ እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ተቀምጠዋል።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትዝታ ልጽፍ ነው ስል ታላቅ እህቴ «ትላንትናሽን ነው የምትጽፊው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ባለፈው ወር የአማርኛ አስተማሪያችን ጽሑፌን የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጥፈውልኛል፤ ሰው ቆሞ ሲያነበው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማን ሳቀ ብዬ እስክሪብቶ አላስቀምጥም።

እትዬ ዘርፌ ልብስ አጣቢ ነበሩ። ከግቢያችን ጀርባ ባለችው የቀበሌ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ስለሆነ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጣሪያችን ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ግን ቀና ብለው አያዩትም። ጠዋት ወደ ቪላዎቹ ሄደው የሰው ልብስ ሲያጥቡ ይውሉና ማታ ሲመለሱ ገና ከበር በረኪና በረኪና ይሸታሉ።

እጃቸውን በጣም እወደው ነበር። ሌሎቹ የሰፈር እናቶች ጉንጬን ሲዳብሱኝ መዳፋቸው ይቧጥጠኛል። የእትዬ ዘርፌ ጣት ግን ሙልጭ ያለ ነው፤ ልክ ከወረቀቱ እንደወጣ አዲስ ሳሙና። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚያምር እጅ ያላቸው እሳቸው ናቸው ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ክብሪት ከጣታቸው ሾልኮ ሲወድቅ አንስቼ የምጭርላቸው፣ መርፌያቸው ላይ ክር የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። ይሄ ግን ከእጃቸው ማማር ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ ሥራ ተገኘላቸው። ከአየር ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በማሽን የሚታጠብበት፣ ጡረታ ያለው፣ ቋሚ ሥራ። «ቋሚ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጮክ ካሉ የምትበርባቸው ይመስል። ለመቀጠር የጤና ምርመራ፣ ዋስና የጣት አሻራ ተጠየቁ። ምርመራውን አለፉ። ዋስ እማዬ ሆነች፤ እማዬ ኦሎምፒያ ጋ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ናት። የቀረው አሻራው ነው። እሱም ከአዲስ ዓመት በፊት ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሯቸዋል።

«እሱማ ቀላሉ ነው እትዬ» አለች እማዬ። «ጣትዎን ይዘው መሄድ ብቻ ነው።»

እማዬ ሥራ ስላለባትና ትምህርት ቤትም ስለተዘጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ስንወጣ እማዬ በሩ ላይ ያዘችንና «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። አንቺ ደግሞ አፍሽን ሰብስቢ» አለች። እትዬ ዘርፌ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። የጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ሰው እንዳያያቸው በነጠላቸው ውስጥ አማተቡ።

የገባንበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሦስት ጢማም ሽማግሌዎች ተሰቅለዋል። ሁለቱ ጢማቸው እንደ ጎፈር የተንዠረገገ ነው፤ ሦስተኛው መላጣ ናቸው። የጣቢያው የነፍስ አባቶች መስለውኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው። ከሥራቸው አንድ አምሳ አለቃ ተቀምጠው መስታወት ላይ ጥቁር ቀለም በጎማ ማንከባለያ ይዳምጣሉ። ቀለሙ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

«ጣትዎን ይልቀቁልኝ እናቴ፤ እኔ ነኝ የማንከባልለው» አሉ።

ጣታቸውን አንድ በአንድ እየያዙ አንከባለሉት። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን የባቄላ ሰልፍ ነው። ጥቁር፣ ሙልጭ ያለ፣ አንዲት መስመር የሌለው ባቄላ። አምሳ አለቃው ሌላ ወረቀት አወጡ። አሁንም ባቄላ። በመጨረሻ የእትዬ ዘርፌን እጅ ወደ መስኮቱ ስበው በአጉሊ መነፅር ተመለከቱት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ ነው። በበረኪና ነው የሚያጥቡት?»

«በበረኪናም፣ በአመድም፣ በተገኘው።»

«በቃ በልቶታል። ጣትዎ ላይ ምንም የለም እናቴ።»

እትዬ ዘርፌ ሁለት እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ከተቱ። ልብሱን ሳይለብስ ሰው የገባበት ሰው ይመስሉ ነበር። «እና እኔ ማን ነኝ ልበል?» አሉ።

አምሳ አለቃው ደግ ሰው ነበሩ። መነፅራቸውን አስቀመጡና «ቆዳ እኮ ይታደሳል» አሉ። «ጳጉሜ እስኪገባ እጅዎን ውሃም ሳሙናም አያስነኩት። ቅቤ ቢጤ ቀብተው ይጠቅልሉት። ያኔ ይመለሱ።»

«ካልበቀለስ?»

«ይበቅላል» አሉ። ያሉት ግን ወደ መስታወታቸው እያዩ ነው፤ እኔም አየሁ፣ እትዬ ዘርፌም አይተዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ የማስበው አሻራው የት ሄደ የሚለውን ነበር። ከእትዬ ዘርፌ ጣት ላይ በልብስ ማጠብ ከጠፋ፣ ልብሱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ በቪላዎቹ በኩል ስናልፍ የሚወጣውን የሚገባውን ሰው የሸሚዝ ኮሌታ ማየት ጀመርኩ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከመኪና ሲወርዱ «እትዬ፣ እኚህን ጠይቀን እንውሰደው?» አልኩ። እትዬ ዘርፌ ምኑን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።

ማታ እማዬ ሁሉንም ሰማችና ወዲያው ዳኝነት ሰጠች። «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ምንም ነገር አይነኩም። የቪላዎቹን ልብስ የሰፈሩ ሴቶች በተራ ያጥቡልዎታል፤ አነጋግራቸዋለሁ። አንቺ ገነት፣ የክረምት ሥራሽ ይሄ ነው። እጃቸውን ትጠብቂያለሽ።»

ሌሎቹ ልጆች ክረምቱን በቆሎ ጥበሳና ጭቃ ላይ ሲያሳልፉ እኔ እጅ ጠባቂ ሆንኩ። ለጓደኞቼ በኩራት ነገርኳቸው። አንዷ «እጅ ይሰረቃል እንዴ?» አለችኝ። «አሻራው ተሰርቋል» አልኳት።

ቅቤውን ያመጡት አዴ ጫልቱ ናቸው። አዴ ጫልቱ ከገርጂ እየተነሱ ለግቢያችን ወተት የሚያደርሱ፣ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ከበር የሚገባ ሴት ነበሩ። ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው እትዬ ዘርፌ ጭን ላይ አስቀመጡላቸው። እትዬ ዘርፌ ግን ጊንጥ የተቀመጠባቸው ይመስል እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ፍልሰታ ገብቷል እኮ። ቅቤ አልነካም።»

«ማን ብዪ አለሽ? ቀቢው እንጂ።»

«ተቀብቼ በምን ልበላ ነው? ሽሮዬን የምበላው በዚሁ እጄ አይደል? ቅቤው ተከትሎ ይገባ የለም?»

«በማንኪያ ብዪያ።»

«አንቺ ደግሞ። እንጀራ በማንኪያ ሲበላ የት አየሽ?»

«ተይው እሺ። አንቺም እጅሽም ጹሙ፤ ሥራውን ሌላ ሰው ይቀጠርበት» አሉ አዴ ጫልቱ፤ ቅቤውን ግን አልወሰዱትም።

እትዬ ዘርፌ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ አደሩና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው መጥተዋል። «ጾሙ የአፍ ነው አሉኝ። ጣት ይቀባ፤ በተቀባው ጣት ግን አትብዪ አሉኝ።»

«እና በምን ሊበሉ ነው?» አለች እማዬ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እንዲህ ሆኖ ነው አጉራሽ የሆንኩት። እትዬ ዘርፌ አንድ አሮጌ ነጠላቸውን ቀደው አሥሩንም ጣታቸውን ቅቤ እየቀባን ጠቀለልናቸው። ጣቶቻቸው ጧፍ መሰሉ። ከቅዳሴ መልስ፣ ረሃቡ ፊታቸውን ሲያሳንሰው፣ ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለልኩ አጎርሳቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጉርሻዬ ሲያንስ «ድመት አለች እንዴ እዚህ ቤት?» አሉኝ። በማግስቱ አተለቅኩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ደረታቸውን እየመቱ ዋጡና «ልጄ፣ ቋሚ ሳልሆን ልትገድዪኝ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ልኩን ለመድኩት። እሳቸውም አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁኝ ማፈራቸውን ቀስ በቀስ ተዉት።

መጠበቁ ግን ከባድ ነበር። ለካ ሰው እጁን ማሳረፍ አይችልም። ለአፍታ ዞር ካልኩ አንዱን ጧፍ ፈትተው ማሰሮ ሲፈትጉ አገኛቸዋለሁ።

«እትዬ!»

«እኔ አይደለሁም፤ እጄ ራሱ ሄዶ ነው።»

«ለእማዬ እናገራለሁ።»

«ለእናትሽ ከተናገርሽ የኔ ዓለም፣ እኔም ስኳር ስትልሺ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ስኳር ያኔ ከኅብረት ሱቅ በተራ የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ዝም ተባባልን።

አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ አለች። ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ብርድ ልብስ ይዘው ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ። እትዬ ዘርፌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስጠጋቸው ብድግ አሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መቀነታቸው ውስጥ ሻጡ፣ ጫማቸውን አወለቁና የጎረቤታችን ትልቁ መዘፍዘፊያ ውስጥ ገቡ። በእግራቸው። ብርድ ልብሱን መርገጥ ጀመሩ።

«ዘርፌ አበደች» አለች አንዷ ሴት።

«ምን ያሳብደኛል? የእግር አሻራ የጠየቀኝ የለ» አሉ፤ እንደ ጧፍ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን እንደ ክንፍ ወደ ላይ ዘርግተው እየረገጡ። «ገነት፣ ነይ ግቢ። እኔን አትጠብቂም? እዚህ ሆነሽ ጠብቂኝ።»

ገባሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው፤ አረፋው በጣቶቼ መካከል ይንፏቀቃል። ወገባቸውን ይዤ ዞርን። ከዚያ ቀን በኋላ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የሰፈሩ ብርድ ልብስ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። እትዬ ዘርፌ ያን ያህል ሲስቁ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አሻራው መብቀሉን ለማወቅ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። እሑድ እሑድ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ ጣታቸው ላይ እቀባና በአሮጌ ደብተሬ ሽፋን ላይ አትማለሁ። አጠገቡ የእኔን። የእኔ ክብ በክብ ይወጣል፤ የእሳቸው ባቄላ ነው። በሌላው እሑድም ባቄላ። ከዚያ አንድ እሑድ በግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጠርዝ ላይ ሦስት አራት መስመር ታየ፤ ልክ ገና ብቅ እንዳለ ጤፍ።

«እትዬ፣ በቀለ! ከጥጉ በቀለ!»

እትዬ ዘርፌ ደብተሩን ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው አዩት። «ትንሿ ቀደመች?» አሉ። «ምንም ሥራ የላትም፤ እሷማ ትቀድማለች።»

እኔ ግን እየበቀለ ሲሄድ ደስታዬ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። መስመሮቹ ከእኔ መስመሮች ጋር ቁርጥ አንድ መሰሉኝ። አስቤ አስቤ አንድ ነገር ገባኝ፦ ክረምቱን ሙሉ የበሉት ከእኔ ጣት ነው። ስለዚህ እየበቀለ ያለው የእኔ አሻራ ነው። ፖሊስ ሲያይ «ይሄ የገነት ነው» ይላል፤ ሥራውም ይቀራል። ሌላው ደግሞ፣ የስኳሩ ነገር ከተመረመረ በእሳቸው ላይ ሊመጣ ይችላል። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ሳጎርሳቸው እንጀራውን በጥፍሬ ጫፍ ነበር የምይዘው። «ምነው ተጸየፍሽኝ?» አሉኝ አንድ ቀን። አልጸየፍኩም ለማለት ትልቅ አጎረስኳቸው።

ጳጉሜ ገባ፤ ወደ ጣቢያው ሄድን። ሽማግሌዎቹ እዚያው ናቸው፣ ሽታውም እዚያው። አምሳ አለቃው ጧፎቹን ራሳቸው ፈቱ። ከሥር የወጡት ጣቶች ቀይ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሕፃን ጣት ነበሩ። አንዱን ቀለም አስነክተው አንከባለሉት። ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። እትዬ ዘርፌ በየጣቱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሁሉም ለይቶ ወጣና የቀኝ አውራ ጣት ላይ ሲደርሱ ድብዝዝ ያለ ባቄላ ሆነ።

«ዋናው እሱ ነው» አሉ አምሳ አለቃው። ጣቱን በጨርቅ አድርቀው፣ ቀለሙን አሳስተው፣ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስል ቀስ ብለው እንደገና አንከባለሉት።

መስመር በመስመር ወጣ። መካከሉ ላይ ግን አንዲት ነጭ ሰረዝ አግድም ታልፋለች።

«ይሄ ምንድን ነው? ተቆርጠዋል?»

እትዬ ዘርፌ ጎንበስ ብለው አዩት። «እንሰት ስፍቅ ነው» አሉ። «አገር ቤት፣ ልጅ ሆኜ። ቢላዋው ስቶኝ። እናቴ በአፏ ይዛ ደሙ እስኪቆም መጠጠችልኝ። እኔ ረስቼዋለሁ እኮ። እሱ ግን አለ?»

«አለ፤ አይጠፋም። ቆዳው ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።»

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ። «የእኔ ቢሆንስ?» አልኩና አለቀስኩ። ስለ ጉርሻው፣ ስለ ደብተሩ ሽፋን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስኳሩን ብቻ ተውኩት።

አምሳ አለቃው ለመሳቅ ፈልገው ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየኋቸው። ከዚያ የእኔን አውራ ጣት ቀለም ነክረው ቁራጭ ወረቀት ላይ ከእትዬ ዘርፌ ጣት ጎን አተሙትና አጉሊ መነፅሩን ሰጡኝ። «እዪ። ያንቺ እንደ ውሃ ክብ ነው፤ የእሳቸው ወደ ጎን ይፈሳል። እግዚአብሔር አንዱን ማኅተም ሁለት ጊዜ አያትምም።» ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን አዩና «ተፈጥሮ ማለቴ ነው» አሉ።

መነፅሩን ለእትዬ ዘርፌ ሰጠኋቸው። በዚያች ነጭ ሰረዝ ላይ አስጠግተው ያዙት።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አሉ አምሳ አለቃው። «ሌላ ማንም አይደለም።»

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወሩት እሳቸው ናቸው። ስለ እንሰቱ፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ ቢላዋው። እኔ ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። «እትዬ፣ እዚያም ልብስ ሊያጥቡ አይደል? ተመልሶ ቢጠፋስ?»

«ይጥፋ» አሉ፤ ሳቁ። «አሁን እዚያ ተቀምጦልኛል።»

ቤት ስንደርስ ጋዝ በጨርቅ ነክረው የእኔን ጣት ጠረጉልኝ፣ ከዚያ የራሳቸውን። ቧንቧውን ከፈቱና እጃቸውን ከውሃው ሥር አስገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማታ እማዬ ራት አቀረበች። እኔ ከልማዴ እንጀራ ጠቅልዬ እጄን ወደ አፋቸው ስልክ፣ እትዬ ዘርፌ እጄን ይዘው መለሱት።

«አሁንስ ተራው የኔ ነው» አሉና ጠቀለሉልኝ።

ጉርሻው ገብቶ ጣታቸው ከንፈሬን ሲነካኝ ኮሰኮሰኝ። ያ ሳሙና የመሰለ ጣት አልነበረም። ጥቃቅን፣ የተደረደሩ፣ ሻካራ መስመሮች ነበሩት። እማዬ «ምነው አልዋጥሽም?» አለችኝ።

«አንድ ያጣላል» አሉ እትዬ ዘርፌ፤ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ። የመጀመሪያውን ቶሎ ዋጥኩና አፌን ከፈትኩ፤ መስመሮቹን ደግሜ በከንፈሬ ልነካቸው።